አምስቱ ክፍተቶች ለጣት አይደሉም

ሰሞኑን ሱሉልታ ስለተገኘ አንድ ብረት የተጻፈ ጽሑፍ በብዙ ሰው ስልክ ሲዞር ከርሟል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የአጥር መሰረት ሲያስቆፍሩ ከስንዝር ትንሽ የሚረዝም ጠፍጣፋ ብረት ያገኛሉ። አንዱ ጫፉ ቀጥኖ ሾሏል። በአንድ ጎኑ አምስት ክፍተቶች በተርታ ተቆርጠዋል፤ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ይሄዳሉ። ጸሐፊው ይህን አይተው ብረቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን እስረኞች ይሰቃዩበት የነበረ መሣሪያ ነው አሉ። አምስት ክፍተት ለአምስት ጣት ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ፎቶዎቹም ግልጽ ናቸው። ብዙ ሰው ያመነውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ቡራዩ መስመር ላይ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ ፎቶውን እንዳየሁ ብረቱን አወቅሁት። ሰው በሰው ጸሐፊውን አፈላልጌ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ብረቱን በእጄ ይዤ አየሁት፣ ለካሁት። ባንስማማም ቡና አስፈልተው ነው የሸኙኝ። የተለየ ነገር ካለህ ጻፈው ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

ብረቱ የመጋዝ ጥርስ ማዘንበያ ነው።

ወደ ጽሑፉ ነጥቦች ከመግባቴ በፊት ስለ መጋዝ ትንሽ ልበል፤ ይህ ካልገባ ቀሪው አይገባም። በደንብ የተሳለ የእጅ መጋዝ አንሱና ከጫፉ በኩል በአንድ ዓይን ጥርሶቹን ተመልከቱ። በአንድ መስመር ቀጥ ብለው አልተደረደሩም። አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ እያፈራረቁ ዘንበል ብለዋል። ለጌጥ አይደለም። ጥርሶቹ ቀጥ ቢሉ እንጨቱ ላይ የሚከፍቱት ቦይ ከመጋዙ ላሜራ ጋር እኩል ይሆናል። ላሜራው ሁለቱንም ጎን እየታከከ ይሄዳል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም እንጨቱ ይነክሰውና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጥርሶቹ ግራና ቀኝ ሲያዘነብሉ ግን ቦዩ ከላሜራው ይሰፋል። ሰጋቱራውም መውጫ ያገኛል።

መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። አንድ ሚሊሜትር ለሚወፍር ላሜራ ጥርሱ በየጎኑ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ወጣ ቢል ይበቃዋል። ለደረቅና ለጠንካራ እንጨት ከዚያ ያንሳል፤ ለእርጥብ እንጨት ይጨምራል። የቦዩ ስፋት ከላሜራው እጥፍ ካለፈ ደግሞ መጋዙ መስመር አይጠብቅም፣ ጉልበት ይጨርሳል፣ ጣውላውንም ሰጋቱራ አድርጎ ያባክነዋል።

ጥርስ ከሥሩ አይጣመምም። የሚያዘነብለው ጫፉ ብቻ ነው፤ ቢበዛ ግማሹ ድረስ። ከሥሩ ከተገፋ ይሰበራል፣ አለዚያም ላሜራው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥርሱን ጫፉ ላይ ብቻ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ጥንት የነበረው መፍትሔ ጎኑ ላይ ጠባብ ክፍተት ያለው ጠንካራ ጠፍጣፋ ብረት ነው። መጋዙ ሞርሳ ላይ ወይም በሁለት ጣውላ መሃል ይታሰራል። ክፍተቱ ጥርሱ ጫፍ ላይ ይጠልቃል፣ እጀታው ጫን ይደረጋል፣ ጥርሱ ያዘነብላል። አንድ ጥርስ ይዘለልና ቀጣዩ። መስመሩ ሲያልቅ በሌላው ጎን ዞሮ የተዘለሉትን። ሥራው ይኸው ነው፤ ትዕግሥት ካልሆነ በቀር ብልሃት የለውም።

አሁን ወደ ጽሑፉ።

የጸሐፊው ትልቁ ማስረጃ የክፍተቶቹ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ግን ያዩትን ያህል ስፋቱን አላዩም። ጠባቡ ክፍተት የባንክ ካርድ ጠበቅ ብሎ የሚገባበት ነው፤ የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ነው። ሰፊው ደግሞ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል አይሞላም። የማንም ጣት አይገባበትም፤ የአራስ ሕፃን እንኳ አይገባም። ይህን ሳነሳባቸው ጣት ባይገባ ቆዳ ይቆነጠጥበታል አሉኝ። ለመቆንጠጥ ግን የሚገናኙ ሁለት ከንፈሮች ያስፈልጋሉ፤ ፒንሳ እንደዚያ ነው። ይህ ብረት አንድ ወጥ ነው፣ አይከፈትም፣ አይዘጋም። ጥፍር ይነቀልበት ነበር የሚለው ግምታቸውም በዚሁ ይወድቃል።

ታዲያ ለምን አምስት? መጋዝ ሁሉ እኩል ስለማይወፍር ነው። የእጅ መጋዝ ላሜራ ቀጭን ነው። ሁለት ሰው እየተቀባበለ የሚጎትተው ረጅም መጋዝ ወፍራም ነው። ክፍተቱ ከጥርሱ ከሰፋ ጥርሱን ይጠመዝዘዋል እንጂ አያዘነብለውም፤ ከጠበበ ደግሞ አይገባም። ስለዚህ አንዱ ክፍተት ለሁሉም መጋዝ አይሆንም። አምስት መሆኑም ሕግ አይደለም። እኔ ዘንድ ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ አለ፤ አራት ክፍተት ነው ያለው። በጸሐፊው ስሌት አውራ ጣት የተረሳበት ማሰቃያ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃቸው የክፍተቶቹ ጠርዝ መበላቱ ነው። ይህ ብዙ ሰው ላይ እንደሠራ ያሳያል ይላሉ። ጠርዙ መበላቱ እውነት ነው፤ ጥሩ ዓይን አላቸው። ነገር ግን ቆዳና አጥንት አረብ ብረትን እንዲህ አይበላውም። ጸሐፊው ፈቅደውልኝ በማይታይ ጥግ ላይ ሞረድ አሳረፍኩበት፤ ሞረዱ በጭንቅ ነው የነከሰው። እንዲህ ያለውን ብረት የሚበላው ሌላ ጠንካራ ብረት ነው።

ከመበላቱም በላይ የት እንደተበላ ማየት ነበረባቸው። ብረቱን ወደ ብርሃን አዙሩና በክፍተቶቹ አፍ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። በአንደኛው ፊት የግራው ጥግ ለስልሷል። ሲገለበጥ የሌላው ፊት የተቃራኒው ጥግ ለስልሷል። ማለትም ብረቱ በሁለት አቅጣጫ፣ በእኩል ጉልበት፣ ብዙ ጊዜ ተገፍቷል። ይህ ግማሹን ጥርስ ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰው ምልክት ነው። ደግሞም የተበሉት ሁሉም ክፍተቶች አይደሉም። ከጠባቡ ቀጥሎ ያለውና የመጨረሻው ሰፊው ናቸው፤ የቀሩት አዲስ ናቸው ማለት ይቻላል። የባለቤቱን ዕቃ እዚህ ላይ ማንበብ ይቻላል። ሰውየው አንድ የእጅ መጋዝና አንድ ትልቅ የግንድ መጋዝ ነበረው። ጽሑፉ ውስጥ አምስት ጣት እኩል ተሰቃየ ከተባለ አምስቱም ክፍተት እኩል መበላት አልነበረበትም?

ስለ ሹሉ ጫፍ ብዙ አልልም። መውጊያ ነው ብለዋል። እጀታ የሚገባበት ነው፤ የሞረድም፣ የመሮም ጭራ እንደዚያ ነው። የእንጨት እጀታው መሬት ውስጥ በስብሶ ሄዷል።

ላዩ ላይ ስላለው ጽሑፍ ግን ማለት ያለብኝ አለ። ጸሐፊው የላቲን ፊደላት አይተው የጣሊያን ጦር ካምፕ ምልክት ነው ብለዋል። ዝገት የበላውን ፊደል ለማንበብ ቀላል ዘዴ አለ። ክፍሉን አጨልሙ፣ የስልኩን መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። የተቀረጸው ጥላ ይይዛል። በላዩ ጠመኔ አሽታችሁ በጣት ጠረግ ብታደርጉት ደግሞ ነጩ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል። እሳቸው ሳሎን ውስጥ እንደዚህ አደረግን። የሠሪው ስም ጠፍቷል። ከሥሩ ያለው ግን ሁለት ቃል ሆኖ ወጣ፦ ካስት ስቲል። ይህ እንግሊዝኛ ነው፤ ቀልጦ የተሠራ አረብ ብረት ማለት ነው። ሼፊልድ ውስጥ ቤንጃሚን ሃንትስማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ አረብ ብረትን በሸክላ ድስት አቅልጦ ወጥ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ሠሪዎች እነዚህን ሁለት ቃላት መጋዝና መሮ ላይ፣ በመላጊያ ምላጭም ላይ ያትሙ ነበር፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቆይቷል። ገዢው ብረቱ ጥሩ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። የጣሊያን ጦር ማሰቃያ ላይ በእንግሊዝኛ የጥራት ማረጋገጫ የሚመታበት ምክንያት አይታየኝም።

ከጽሑፉ አጠገብ በሹል ነገር የተመቱ ሦስት ነጥቦች አሉ። ጸሐፊው የሦስት ሟቾች ቁጥር አድርገውታል። አንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ዕቃቸው እንዳይቀያየር ምልክት ይመታሉ። የእኔ መዶሻና መሮ ላይም ምልክት አለ። ማንንም አልገደልኩም።

ወደ ቦታው ልምጣ። ጸሐፊው እንደሚሉት ብረቱ የተገኘው የጣሊያን ጦር ሰፍሮበት ነበር ከሚባል ቦታ አጠገብ ነው። ይሁን። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። አምስት ዓመት ነው። በዚያው መሬት ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንጨት ሲቆረጥ፣ ሲፈለጥ፣ ሲሰነጠቅ ኖሯል። ሱሉልታ የእንጦጦ ጀርባ ነው። እንጦጦና ባህር ዛፍ ደግሞ ተለያይተው አያውቁም። የተገኘበት ቦታ ምስክር ይሁን ከተባለ የሚመሰክረው ለግንድ ሰንጣቂ ነው።

እዚህ ላይ ከብረቱ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልበል። ጸሐፊውን የገፋፋቸው ቁጭት እንደሆነ ይገባኛል። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በዚህች ከተማ የተፈጸመ ነው፤ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በቀናት ውስጥ ያለቀው ሕዝብ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሐውልቱ ስድስት ኪሎ ቆሞ ይታያል። ያ ግፍ የመጋዝ ዕቃ ተበድሮ መቆም አያስፈልገውም። እንዲያውም ይጎዳዋል። ነገ አንድ ሰው ይህንን ብረት አይቶ ማሰቃያ የተባለው የአናጢ ዕቃ ነው ብሎ ሲስቅ፣ እውነተኛውን ማስረጃ ያቀረበውም አብሮ ይጠረጠራል። እኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በዋናነት ይህ ነው።

ጸሐፊው የእኔን ዓይነት ክርክር አስቀድመው የጠረጠሩት ይመስላል። የአካባቢው ሰው ከጣሊያን በፊት መጋዝ አያውቅም፣ መጥረቢያ ብቻ ነበረው የሚል አንቀጽ አስገብተዋል። ይህ ከሁሉም ነጥቦቻቸው የደከመው ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሳይቆይ እንጨት አለቀባት። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለመውሰድ ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያስቀራት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባህር ዛፍ ነው። ቶሎ አደገ፣ ተራራውን ሸፈነ፣ ማገዶም ምሰሶም ጣውላም ሆነ። ያኔ በከተማዋ ግንባታ ላይ የሠሩ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እነርሱ አጠገብ የሠራው ሐበሻ መጋዝ አልያዘም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተውን የጣይቱ ሆቴል ገብታችሁ የእንጨት ደረጃውንና ወለሉን ረግጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ ጣውላ በመጥረቢያ ተጠርቦ የወጣ አይደለም። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝ መጋዝና ማዘንበያ ከጅቡቲ መምጣቱ የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

ባህር ዛፍ ደግሞ ይህን ዕቃ አብዝቶ የሚፈልግ እንጨት ነው። ነጭ ባህር ዛፍ ሰንጥቆ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ግንዱ ሲቆም ውስጡ ተወጥሮ ነው የሚያድገው። መጋዝ ሲገባበት ያ ውጥረት ይለቀቃል። አንዳንዴ ጣውላው ወደ ውጭ ይከፈታል፤ አንዳንዴ ወደ ውስጥ ይዘጋና መጋዙን ይጨብጠዋል። የእንጨቱ የውስጥ መስመርም ብዙ ጊዜ የተጠማዘዘ ነው። በእርጥቡ ነው የሚሰነጠቀው፤ ከደረቀማ መጋዝ አያስጠጋም። ስለዚህ ሰንጣቂዎች ከኋላ ሽብልቅ ያስገባሉ፤ የመጋዙንም ጥርስ ለጽድና ለዝግባ ከሚያደርጉት የበለጠ ይከፍቱታል። ግንዱ በቆጥ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ይጎትታሉ። ከታች ያለው ሰጋቱራ ዓይኑ ውስጥ እየገባበት ነው። ጥርሱ በደንብ ያላዘነበለ መጋዝ ይዞ ቆጥ ሥር የቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ ይራገማል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነጥብ አላቸው። ብረቱን ለአናጢዎች አሳይተው ማንም አላወቀውም። እውነት ነው፣ አይገርመኝም። የጠየቋቸው ወጣቶች ናቸው። ዛሬ መርካቶ የሚገዛው ርካሽ የእጅ መጋዝ ጥርሱ ጫፍ በኤሌክትሪክ ሙቀት የጠነከረ ነው፤ ጫፉ ላይ ጠቆር ያለ ቀለም ይታያል። ሞረድ አይነክሰውም፤ ልታዘነብሉት ብትሞክሩ ጥርሱ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሲደንዝ ይጣላል። ግንዱን ደግሞ ቼንሶው ወይም የጣውላ ቤት ማሽን ይዞታል። ማዘንበያው ራሱም ቢሆን መልኩን ቀይሯል። እንደ ፒንሳ የሚጨበጥ፣ ቁጥር ያለው መዘውር የሚዞርበት ዓይነት ከወጣ ቆየ፤ ድሮ ያስተማሩኝ ሰዎች የነበራቸው እሱ ነው። ወጣቱ ጠፍጣፋውን ባያውቅ አይፈረድበትም።

እኔ ፎቶውን ይዤ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ሱሉልታ ውስጥ ግንድ ይሰነጥቁ ለነበሩ አንድ አባት አሳየኋቸው። ምን ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው እንጂ የምገምተውን አልነገርኳቸውም። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው አዩና «ልጄ፣ የመጋዝ ነው እኮ! እጀታውን የት ጣላችሁት?» አሉኝ። ከዚያ በእጃቸው አንዱን እየዘለሉ ወደ ታች የመጫን ምልክት አሳዩኝ፤ ስለ ጥርስ ገና አላነሳሁም ነበር። የማስረጃዬ ሁሉ መሠረት እሳቸው አይደሉም፤ የብረቱ አካል በቂ ነው። ግን አናጢ አያውቀውም ለሚለው መልስ ይሆናሉ።

ጸሐፊው ሌሎች የቀረቡላቸውን ግምቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውድቅ አድርገዋል። እዚህ ላይ ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱን ግን አልጻፉም። አንደኛው ግምት የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው የሚል ነበር። የሽቦ መለኪያ በየክፍተቱ ሥር ክብ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ እጀታም አያስፈልገውም። ሁለተኛው የመስታወት ቆራጭ ነው። ይህኛው ማንንም ያሳስታል፤ የመስታወት መቁረጫ ጎን ላይም የተለያየ ስፋት ያላቸው ክፍተቶች አሉ፣ የመስታወቱን ጠርዝ ቀስ እያሉ ለመስበር። ነገር ግን ጫፉ ላይ መስታወቱን የሚጭር ትንሽ የብረት ጎማ ወይም አልማዝ አለው። የእኛ ብረት ጫፍ ላይ የዚያ ዱካ የለም። ደግሞ መስታወት አረብ ብረቱን እንዲህ በተቃራኒ ጥጎች አይበላውም።

የመጨረሻው ነጥብ አስቸኳይ ነው። ጸሐፊው ብረቱን በግራይንደር አጽድተው፣ አንጸባርቀው ለገዢ ሊያቀርቡት አስበዋል። እባክዎ አያድርጉት። ግራይንደርም የብርጭቆ ወረቀትም ጽሑፉን፣ ሦስቱን ነጥቦችና የተበሉትን ጥጎች ጠርጎ ይወስዳል። ያን ጊዜ የእኔም የእርስዎም ክርክር ምስክር የለውም። ላምባ ውስጥ ይደር፣ በነሐስ ሽቦ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይፈግፈግ፣ ይድረቅ፣ ስስ ዘይት ይቀባ። ኮምጣጤም ዝገት ያነሳል፤ ግን ከተረሳ ብረቱንም ይበላል። ዋጋውን በተመለከተ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ማሰቃያ ተብሎ ከተሸጠ ብቻ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለታሪኩ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ትክክል አይደለም።

ብረቱን በጉልበት እንድሞክረው አልፈቀዱልኝም፤ እንዳይሰበር ፈርተው ነው። የእኔን ባለ አራት ክፍተት ግን ወስጄ ፊታቸው አሮጌ መጋዝ ላይ አሳየኋቸው፤ ጥርሱ አዘነበለ። ዝም ብለው አዩ፣ ከዚያ የእኔ የተለየ ነው አሉ። ይሁን። ሥራ ቤቴ ውስጥ ባህር ዛፍ የሚነክሰው፣ ጥርሱ ቀጥ ያለ የድሮ የግንድ መጋዝ ተሰቅሏል። የሚሆን እጀታ እኔ እሠራለሁ። ብረቱን ይዘው ይምጡ፤ በሰፊው ክፍተት መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጥርስ ራስዎ ያዘንብሉ፣ ጥርሱ ካላዘነበለ እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ ሁለተኛ ጽሑፍ እጽፋለሁ።